ሰባት ቤት ላልቆጠረው መሥሪያ ቤት

ለክቡር አቶ አቭነር
የአረጋውያን የቤት ለቤት ድጋፍ መምሪያ ዋና ኃላፊ
ሐደራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ ደኅና ነዎት ወይ? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ፣ በስልካችሁ ውስጥ የምትኖረውና «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» የምትለን ሴትዮ ጭምር እንደምን አላችሁ? የእሷ ጤና በተለይ ያሳስበኛል፤ ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትደጋግም ውላ ስለምታድር ጉሮሮዋ እንዳይነካባት እፈራለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን እንዳለን አለን።

ስሜ ሙላቷ ዳኘው ይባላል። በዚሁ በሐደራ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ስለዚህ ሰው አስቁሞ ማስጠበቅ፣ አርፍዶ መድረስና «እኔን አይመለከተኝም» ማለት ምን እንደሆነ ከክቡርነትዎ ባልተናነሰ አውቃለሁ። ደብዳቤዬን በዕብራይስጥ ሳይሆን በአማርኛ የጻፍኩት በመምሪያዎ መግቢያ ላይ «በአማርኛ እናስተናግዳለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ስላየሁ ነው። ወረቀቱ የተለጠፈው ተዘቅዝቆ ነው፤ ቢሆንም ሐሳቡ ልቤን ነክቶታል። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ አቶ ዳኘው ናቸው፤ በጉዳዩ ውስጥ ያሉትም እሳቸው ስለ ሆኑ በእሳቸው ፊደል መጻፉ ተገቢ መስሎኛል።

አባቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም፣ አፋቸውም ተይዟል። መምሪያዎ የመደበላቸው ተንከባካቢ ያፊት ጠዋት ጠዋት እየመጣች ከአልጋ ታነሳቸው፣ ታጥባቸው፣ ታለብሳቸው፣ ከመስኮቱ አጠገብ ታስቀምጣቸው ነበር። አሁን አትመጣም። የማትመጣበትም ምክንያት እናቴ ወይዘሮ አስመረች የእርስዎን መሥሪያ ቤት አጭበርባሪ ነው ብለው ስልክ ስለ ዘጉበት ነው። እንዲህ ሲባል እናቴ የተሳሳቱ ይመስላል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ፣ በየተራ እያመሰገንኩ፣ ላስረዳዎ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ስለ መምህሩ አመሰግናለሁ። በክረምቱ መምሪያዎ ራፋኤል የሚባል ወጣት ባለሙያ ሰፈራችን ቤት ኤሊዔዘር ወዳለው የአረጋውያን መዋያ ልኮ፣ ባለሥልጣን መስለው በስልክና በመልእክት የሚያጭበረብሩ ሰዎች እንዴት እንደሚታወቁ አስተምሮልናል። ያን ቀን ዕረፍት ስለ ነበርኩ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አጭበርባሪ ቁጥሩን ደብቆ ይደውላል አለ። ፖሊስ ነኝ፣ ባንክ ነኝ፣ መንግሥት ነኝ ይላል። ያጣድፋል፤ «ዛሬውኑ ካልሆነ ጉድ ይፈላል» ብሎ ያስፈራራል። የመታወቂያ ቁጥርና በስልክ የተላከ የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል፤ ከልጅ ከዘመድ ጋርም እንዳትመካከሩ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲደውል ዝጉበት፣ ከዚያም በምታውቁት ቁጥር ራሳችሁ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሉ፤ መልእክት ከላከም አትንኩት፣ አጥፉት አለ፤ ዘመድ አስመስሎ የሚያስለምንም አለ ብሎ አስጠነቀቀን። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ጸጥ ብለው ሲያዳምጡ አይቼ አላውቅም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ሌቦች የእኛን ሰው ደጃፍ መምረጣቸው ሁሉንም አሳፍሯቸው ነበር።

በመጨረሻ እናቴ እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ ሁሉንም ደኅና አድርገህ ተናግረሃል፤ አንድ ብቻ ረስተሃል። የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ አለ» አሉ። ክቡርነትዎ ላያውቁት ይችላሉና ላብራራ። እኛ ዘንድ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ እስከዚያ ድረስ ከተነካኩ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም። የእናቴ ዘመን ሰው ታዲያ የጎረቤቱን ስም ቢረሳ እንኳ የጎረቤቱን ቅድመ አያት አይረሳም። ስም ማንም ለራሱ ያወጣል፤ ሰባት አያት ቁጭ ብሎ መፍጠር ግን እንኳን ለሌባ ለደራሲም ይከብዳል። ራፋኤል ይህን ሲሰማ «ኮል ሃካቮድ!» ብሎ፣ ጎበዝ ማለቱ ነው፣ እናቴን አስነስቶ አስጨበጨበላቸው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላል ያገራችን ሰው፤ መምሪያዎም ዛሬ እናቴን በዚህ ተረት ሊወቅሳቸው ይፈልግ ይሆናል። አወቅሽ አወቅሽ ያለው ግን ደመወዙን ከእርስዎ የሚቀበለው ሰው መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሌባው አመሰግናለሁ። እሱ የእርስዎ ሠራተኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አለመሆኑም ያሳዝነኛል። ትምህርቱ ከተሰጠ ብዙም ሳይቆይ እናቴ ቤት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ «ምክትል ኢንስፔክተር ብንያም ነኝ፣ ከፖሊስ» አለ። እንደዚያ ያለ አማርኛ በዚህ ከተማ ከተሰማ ቆይቷል። እንደምን አደሩ እማማ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ አባባስ በርትተዋል ወይ፣ ልጆች የልጅ ልጆች ደኅና ናቸው ወይ እያለ፣ እናቴ እስኪጠግቡ ድረስ ሰላምታ ሰጣቸው። ዛሬም ሲያወሩት ፊታቸው ይበራል። «ሌባ መሆኑስ ሌባ ነው፤ ግን ያሳደገው ሰው አለ» ይላሉ።

ሰላምታው ሲያልቅ ወደ ሥራው ገባ። በስማቸው የወንጀል ፋይል እንደተከፈተ፣ ባንክ ያላቸውን ገንዘብ ሌቦች ሊዘርፉት እንደሆነ፣ እሱ እንደ ልጅ ሊታደጋቸው እንደደወለ፣ አሁን በስልካቸው የሚመጣውን የምስጢር ቁጥር ቶሎ ካላነበቡለት ግን ፖሊስ በራቸው ላይ እንደሚቆም በታላቅ ሐዘን ገለጸላቸው። እናቴ «እሺ ልጄ፣ አነብልሃለሁ፤ መጀመሪያ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

የተገኘ ልጅ ነኝ አለ። ተገኘ የማን? የውበቱ። አገራችሁ? አምቦበር። ውበቱስ የማን? እዚህ ላይ ኢንስፔክተሩ ሳያልበው አልቀረም፤ ከየት እንደሰማው እንጃ፣ የቄስ ጎበዜን ስም ጠራ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ ይህ ምስኪን ግን በሚያውቁት አገር ገብቶ ነው ቁርበት የጠየቀው። እናቴ ልጅ ሳሉ ለቄስ ጎበዜ ውሃ ይቀዱላቸው ነበር። «ልጄ፣ ቄስ ጎበዜ እኮ ልጅ ሳይወልዱ ነው የሞቱት፤ ቀብራቸው ላይ አልቅሻለሁ። አንተ ታዲያ ከየት መጣህ?» ሲሉት ስልኩ ተዘጋ። የዘጋው እሱ ነው። እናቴ ለብዙ ቀን «እኔ ሳልዘጋበት እሱ ዘጋብኝ» እያሉ ሲስቁ ሰነበቱ፤ በመዋያውም ወሬው ተዳርሶ፣ ስልክ የተደወለለት ሽማግሌ ሁሉ ደዋዩን የማን ልጅ ነህ ሳይል ሃሎ የማይል ሆነ።

ሦስተኛ፤ ስለ ወይዘሪት ኦሸሪት አመሰግናለሁ። ኦሸሪት አማርኛ ታውቃለች ተብላ በመምሪያዎ የተቀጠረች፣ እዚሁ አገር የተወለደች ወጣት ናት። አማርኛዋ በእናቷ ወጥ ቤት ውስጥ የተሰማ አማርኛ ነው፤ ጥፋት የለበትም። የአባቴን ድጋፍ ለማደስ እናቴ ዘንድ ደወለች። ቁጥሯ አይታይም ነበር። «ሻሎም፣ አስመረች ነሽ? ከሚስራዱ ነኝ፤ የባልሽን ቲክ ለማደስ ነው። የዘሁት ቁጥርሽን ንገሪኝ፤ አሁን ደግሞ ኮድ ይመጣልሻል፣ እሱን ታነቢልኛለሽ» አለቻቸው፤ ሚስራድ መሥሪያ ቤት፣ ቲክ ፋይል፣ ዘሁት መታወቂያ ነው። እናቴ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው። «አንቺ» ያላቸው ሰው ካረፈ ብዙ ጊዜው ነው።

በትዕግሥት «ልጄ ሙላቷ ማታ ትመጣለች፤ ከእሷ ጋር ተነጋገሪ» አሏት። «ሎ፣ ካንቺ ብቻ ነው የምቀበለው። ሃዮም ካልጨረስን ቲኩ ይዘጋል» አለች፤ አይሆንም፣ ዛሬውኑ ካላለቀ ፋይሉ ይዘጋል ማለቷ ነው። ክቡርነትዎ፣ ራፋኤል ያስተማረንን መለስ ብለው ይመልከቱልኝ። የተደበቀ ቁጥር፣ መንግሥት ነኝ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የምስጢር ቁጥር፣ ዛሬውኑ፣ ከልጅሽ ጋር አትነጋገሪ። አንዱንም አላስቀራችሁም። ሌባው እንኳ ከልጆችዎ ጋር አይነጋገሩ ማለቱን ረስቶት ነበር።

እናቴ ግን ፍርደ ገምድል አይደሉምና የመጨረሻ ዕድል ሰጧት። የማን ልጅ ነሽ? «የአቭራሃም።» አቭራሃም የማን? «ሳባ ዘበነ ነው፣ ኒድሜ ሊ።» ሳባ አያት፣ ኒድሜ ሊ መሰለኝ ነው፤ አያቷን መሰለኝ ብላ ነው የጠራችው። ዘበነስ የማን? «ማ ዜ ካሹር? አላውቅም እኮ!» ምን አገናኘው ማለቷ ነው። እናቴም «የፊተኛው ሌባ ሦስት ድረስ ቆጥሯል፤ አንቺ ሁለት ላይ ቀረሽ። በርቺ» ብለው ዘጉባት።

ከዚያም በትምህርቱ መሠረት በሚያውቁት ቁጥር ወደ መምሪያዎ ደወሉ። ይህን ማንም ክፉ እንዳያስብባቸው ብዬ ነው የማነሳው፤ ዘግተው ዝም አላሉም። ያቺ ጉሮሮዋ የሚያሳስበኝ ሴትዮ ጥሪያቸው እጅግ አስፈላጊ መሆኑን ነገረቻቸው፣ ሙዚቃ አሰማቻቸው፣ እንደገና አስፈላጊ መሆኑን ነገረቻቸው፣ መሥመሩም ተቋረጠ። ማታ ስመጣ በር ላይ ጠብቀው «ሙላቷ፣ ዛሬም ሌባ ያዝኩ፤ የዛሬዋ ግን ሥራው ገና አልገባትም፣ ሰላምታም አልተማረችም» አሉኝ። እኔም ስሜያቸው ገባሁ። መምሪያዎ በመዝገቡ ላይ «ተገልጋይዋ ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነችም» ብሎ ፋይሉን መዝጋቱን ያወቅነው ያፊት ከመንገድ ደውላ፣ እያለቀሰች፣ እንዳትመጣ መታዘዟን ስትነግረን ነው።

አራተኛውን ለጊዜው እዘለዋለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ትሕትናዬ ያልቅብኛል።

አምስተኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። በማግስቱ አውቶቡሱን መነሻው ላይ አቁሜ ስደውል፣ ከብዙ ሙዚቃ በኋላ ሰው አገኘሁ። ሰውየው የአቶ ዳኘው ልጅ መሆኔን በምን እንደሚያምን ጠየቀኝ፤ ባለሥልጣን ብቻ ሳይሆን ቤተሰብ መስለው የሚያጭበረብሩም አሉ አለኝ። ትክክል ነው፣ አከበርኩት። የእናቴን የልደት ቀን ጠየቀኝ። እናቴ የተወለዱት ከስግድ በዓል ማግስት መሆኑን ራሳቸው አያቴ የነገሩኝ ስለ ሆነ ያንኑ ነገርኩት። ስሕተት ነው አለ። ክቡርነትዎ፣ በቤተሰባችን በፈረንጆቹ 1991 ወደዚህ አገር መጥቶ ከአውሮፕላን የወረደ አዋቂ ሁሉ፣ አባቴም እናቴም አክስቶቼም፣ በመታወቂያው ላይ የተወለደው በአንድ ቀን፣ በጃንዋሪ አንድ ነው፤ ያኔ የመዘገበን ሰው ቸኩሎ ነበር። ይህ ትዝ ሲለኝ ጃንዋሪ አንድ አልኩ። ሰውየውም ድምፁ ተለሳልሶ «አመሰግናለሁ፣ አሁን አምኜሻለሁ» አለኝ። እውነቱን ስናገር አጭበርባሪ፣ ውሸቱን ስናገር የታመንኩ ልጅ ሆንኩ። ካመነኝ በኋላም ፋይሉን መክፈት የሚቻለው እናቴ ከተደበቀው ቁጥር ሲደወልላቸው አንስተው የምስጢር ቁጥሩን ካነበቡ ብቻ መሆኑን አስረዳኝ።

ደወላችሁም። አነሱ፣ ጠየቁ፣ ዘጉ። ለምኛቸው ነበር። «እማዬ፣ ይህኛው እውነተኛ ነው፣ ያንብቡላቸው» ስላቸው «ራፋኤል ምን አለ? ሌባ ዘመድሽን አስመስሎ ያስለምናል አላለም?» አሉኝ። እንዲህ ማለቱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ስድስተኛ፤ በአካል ስመጣ ጥበቃው ያለ ቀጠሮ እንደማይገባ፣ ቀጠሮም የሚሰጠው በስልክ እንደሆነ፣ ስልኩም ወደ እናቴ እንደሚደወል በመልካም ፈገግታ ገልጾልኛል። ፈገግታውን አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ አራተኛው ልመለስ። ያፊት በቀረች በሁለተኛው ሳምንት እናቴ አባቴን ብቻቸውን ወደ መታጠቢያ ቤት ሊወስዷቸው ሞከሩ። ለእኔ አልነገሩኝም፤ አባቴ ሳይታጠቡ መዋልን ሲያፍሩ ማየት አልቻሉም ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ አባቴን ጉልበታቸው ከዳቸው፤ እናቴም አልለቅም ብለው ይዘዋቸው አብረው ወደቁ። ሥራዬን ጨርሼ ስደርስ ሁለቱም ወለሉ ላይ ነበሩ። አባቴ ደረታቸው ተገልጦ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። እናቴ የራሳቸውን ነጠላ ከወገብ በታች አልብሰዋቸው፣ ጭንቅላታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ምንም እንዳልሆነ «ትንሽ ዐረፍ ብለን ነው» አሉኝ። ስልኩ ሳሎን ነበር። ቢኖርም ለማን ይደውሉ ነበር? ጮኼ አለቀስኩ፣ ክቡርነትዎ። ትልቅ ሴት ነኝ፣ የሰከረ ተሳፋሪ ብቻዬን ከአውቶቡስ አውርጃለሁ፤ ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በእርስዎም በእናቴም ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን በእርስዎ። ስለዚህ አራተኛ ላይ ምስጋና የለኝም።

ሰባተኛ፤ እንደገና ስለ ወይዘሪት ኦሸሪት፤ አሁን ግን ከልቤ ነው። ልጅቱ የእናቴ ስንብት አንጀቷን በልቷት ኖሮ፣ ቤቷ ሄዳ አባቷን «ሳባ ዘበነ የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች። አባቷ አቶ አቭራሃም በኢንዱስትሪ ዞን መጋዘን የሚሠሩ፣ የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው። ልጃቸው ይህን ጥያቄ እንድትጠይቃቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላል፤ እስከ እኩለ ሌሊት አስተማሯት። ምክንያቱን ስትነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመና «ይኼማ በስልክ አይሆንም። ሽማግሌ ይዞ መሄድ ነው» አሉ።

እናም አንድ ማታ አባትና ልጅ ደጃችን መጡ። እናቴ የበሩን ሰንሰለት አላወጡም። የትውልድ ምርመራው በደረጃው ላይ ተካሄደ፤ የላይ ቤት ጎረቤታችንም በሯን ከፍታ በታላቅ ጉጉት ተከታተለችው። አቶ አቭራሃም ኮፍያቸውን አውልቀው ጀመሩ፤ አቭራሃም የዘበነ፣ ዘበነ የአድማሴ፣ አድማሴ የረታ፣ ረታ የሳህሉ። «ሳህሉ፣ ያ ዓይነ ስውሩ?» አሉ እናቴ ከውስጥ። ወጥመድ ነበር። «የለም እማማ፣ ዓይነ ስውሩ ወንድሙ ፈንታ ነው» አሉ አቶ አቭራሃም። ሰንሰለቱ ወረደ። መምሪያዎ ከኮዱ ጋር እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረው ኖሮ ስንቱ ሌባ በቀረ።

ቆጠራው እስከ ሰባት ቤት ከሄደ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች በየትም በኩል እንደማይነካኩ ተረጋገጠ። እናቴም ኦሸሪትን ከላይ እስከ ታች አይተው «እንግዲያው ዘመድ ካልሆንን፣ ወታደር የልጅ ልጅ አለኝ» አሉ። ልጅቱ «አባ፣ በኤሜት ና!» ብላ፣ ኧረ ተዉ ማለቷ ነው፣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። በዚያ ቤት ከተሳቀ ሰንብቶ ነበር። ቀጥላ «እማማ፣ ያኔ አንቺ ስላልኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በዕብራይስጥ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው» አለች። እናቴ ግንባሯን ሳሙት።

ከዚያ አባቴን አየች። ፋይል ላይ ያለ ሰውና አልጋ ላይ ያለ ሰው አንድ እንዳልሆኑ በፊቷ ላይ አየሁት። አባትና ልጅ አባቴን አንስተው አጠቧቸው፤ አቶ አቭራሃም ጢማቸውን በቀስታ ላጩላቸው። አባቴ ከስትሮኩ ወዲህ ቃል በቅጡ አይወጣቸውም፤ ያን ማታ ግን በግማሽ አፋቸው «ተባረክ» አሉ። ሁላችንም ሰማነው።

ኦሸሪት በማግስቱ የአይን ምስክር ሆና ፋይሉ እንዲከፈት ጠየቀች። የመለሳችሁላትን ሰምቻለሁ። ሠራተኛ ያለ ፈቃድ የተገልጋይ ቤት መሄዱ ለማጭበርበር በር የሚከፍት ተግባር ስለ ሆነ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ፋይሉንም ለመክፈት እናቴ ተራቸው ሲደርስ ከተደበቀው ቁጥር ይደወልላቸዋል። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ መምሪያዎ እናቴን በስልክ የሚያስፈራራቸውን አሠራር አመነ፤ ደጃቸው ድረስ ሄዳ የታመነችውን ግን ተጠራጠረ። ይህን ለመረዳት ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። አውቶቡስ ነጂ ስለ ሆንኩ ይሆናል።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ስትደውሉ ቁጥራችሁ ይታይ። ከመታወቂያ ቁጥር በፊት እንደምን አደሩ በሉ፤ ወጪ የለበትም። ሰው ዘግቶ መልሶ ሲደውል የሚያነሳ ሰው ይኑር፤ ይህን ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁና። ከኦሸሪት መዝገብ ላይ ማስጠንቀቂያውን አንሱላት። ከሁሉም በፊት ግን ያፊትን መልሱልን። አባቴ ጠዋት ጠዋት በሩን ያያሉ፤ ማን እንደሚጠብቁ አይናገሩም፣ እኛም አንጠይቃቸውም።

ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና ለማይታየው ስልክ ቁጥርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፤ ወገቤ አባቴን ሲያነሳ ስለ ሰነበተ እንደ ልቤ ዝቅ ብዬ እጅ መንሳት ባልችልም፣ በቻልኩት መጠን ጎንበስ ብዬ፣

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
ሙላቷ ዳኘው
ቤት ኤሊዔዘር፣ ሐደራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ከመምሪያዎ ለእናቴ የስልክ መልእክት ደረሳቸው። ባለሥልጣን መስለው ከሚያጭበረብሩ ሰዎች ራሳቸውን በንቃት ለጠበቁ አረጋውያን በሚደረገው የምስጋና ዝግጅት ላይ፣ በክቡርነትዎ እጅ የምስክር ወረቀት እንዲቀበሉ ተመርጠዋል፤ መምጣታቸውን ለማረጋገጥ መልእክቱን ተጭነው የመታወቂያ ቁጥራቸውን እንዲያስገቡ ተጠይቀዋል። እናቴ በተማሩት መሠረት ወዲያው አጥፍተውታል። እውነተኛ መሆኑን ስነግራቸው «ቢሆንስ፣ አባትሽን ለማን ትቼ እሄዳለሁ?» አሉኝ።